ለኮቦ ባቡር ከሰል ስጭን

ጡረታ ስወጣ የሸኙኝ ሰዎች ስለ ትዕግሥቴ ብዙ ተናገሩ። አንዱማ ተነሥቶ «ወይዘሮ መዲና ለባልደረቦቿ ሁሉ እናት ነበረች» አለ። ጉድ እኮ ነው! ሰው ጡረታ ሲወጣና ሲሞት የማይባልለት ነገር የለም። እናትም ታጋሽም አልነበርኩም፤ ቀናተኛ ነበርኩ። በባል አይደለም። ባሌ፣ አላህ ይርሐመው፣ ማንም የሚቀማኝ ዓይነት ሰው አልነበረም። እኔ የቀናሁት በሥራ ነው። በአንዲት ሴት ጣቶች ቀናሁ፣ ከአንድ ሽማግሌ አፍ በምትወጣ አንዲት ቃል ቀናሁ። ይኸው ፀጉሬ ሸብቶም አልለቀቀኝም።

«ሥራሽ ምን ነበር?» የሚለኝ ሰው ሲገጥመኝ «ባቡር ላይ ከሰል እጭን ነበር» እላለሁ። «ኮቦ ላይ ደሞ የምን ባቡር?» ይለኛል። ነበረን! የማይጮኽ፣ የማያጨስ፣ በጣውላና በቆርቆሮ የተሠራ፣ ከነፉርጎዎቹ አንድ ረጅም ጠረጴዛ ላይ የሚቆም ባቡር ነበረን። የትምህርት መርጃ ማዕከል ውስጥ ነው የሠራነው። ልጆች በየትኛው አገር ምን እንደሚመረት በዓይናቸው እንዲያዩ አንዱ ፉርጎ ማሽላ፣ አንዱ ጨው፣ አንዱ ከብት፣ አንዱ የድንጋይ ከሰል ይጭናል።

እኔ ወደዚህ ሥራ የገባሁት በጓሮ በር ነው። መንግሥት በተለወጠ ሰሞን ጎብዬ ትምህርት ቤት በጽዳት ተቀጠርኩ። አንዱ መምህር የሰው ሆድ ዕቃ መሳል አቅቶት ሲንገላታ አየሁትና መጥረጊያዬን አስቀምጬ በማዳበሪያ ጀርባ ላይ ሣልኩለት። በግ ሲታረድ ያየ ሰው አንጀትና ጉበት መሳል ምን ያቅተዋል? ከዚያ በኋላ መጥረጊያ አላስያዙኝም። ሮቢት ወስደው ካርታ አሣሉኝ፣ ከሮቢት ደግሞ ኮቦ ማዕከሉ አመጡኝ። ደመወዙ የጽዳቱ ሆኖ ቀረ እንጂ የሥራ መደቤ ስሙ አማረ።

ጋሼ ላቀውን ያገኘሁት እዚያ ነው። ጋሼ ድሬዳዋ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ያደጉ፣ በልጅነታቸው ከፉርጎ ላይ ዕቃ ሲያወርዱ የኖሩ፣ በኋላ አናጢነት የለመዱ ሰው ናቸው። የኮቦ ልጅ አግብተው መጥተው እዚሁ ቀሩ። ባቡሩ የእሳቸው ሐሳብ ነው። ከመንኮራኩሩ እስከ መንጠቆው በእጃቸው ሠርተውታል። ጭነቱን ግን ለእኛ ተዉልን። «ፉርጎ መሥራት አናጢነት ነው፤ ጭነቱ ነው ዓይን የሚፈልገው» ይሉ ነበር።

ሥራ ሲያዩ ቆመው አያዩም። ቁጢጥ ይሉና ዓይናቸውን ከፉርጎው ጠርዝ ጋር ያስተካክላሉ፤ ግራ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። «ከላይ የሚያየው አሞራ ነው። ሰው ባቡርን ከጎኑ ነው የሚያየው።» ከዚያ ፉርጎውን መዳፋቸው ላይ አኑረው ይመዝኑታል፤ የቀለለ ነገር ተጭኗል ብትለው ማንም አያምንህምና ከጭነቱ ሥር የብረት ቁራጭ እንድንቀብር ያደርጉን ነበር። መጨረሻ ላይ ጭነቱን እፍ ይሉበታል። አንዲት ፍሬ ከወደቀች ምንም ሳይናገሩ ይመልሱልሃል። ሁሉም ነገር ካማራቸው ደግሞ ብድግ ብለው ጉልበታቸውን እያራገፉ አንዲት ቃል ይናገራሉ።

«ተጭኗል።»

በቃ፣ ይቺው ናት። ጎበዝ አይሉ፣ እጅሽ ይባረክ አይሉ። እኔ ይህችን ቃል ከጋሼ አፍ ለመስማት የነበረኝን ጉጉት ለማንም ብናገር ይሳቅብኛል። ባሌ ሲያጨኝ እንኳ ያን ያህል አልጓጓሁም።

መጀመሪያ የማሽላውን ፉርጎ ሠራሁ። የራያ ልጅ ነኝ፣ ማሽላ ያሳደገኝ ነኝ፣ ማን ይበልጠኛል ብዬ ከጓሯችን የመጣ ምርጥ ማሽላ ሞላሁበት። ጋሼ ቁጢጥ አሉ፣ ግራ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«መዲና፣ ይኼ ማሽላ ነው ወይስ ሐብሐብ?»

«ኧረ ጋሼ! የራሳችን ማሽላ ነው እኮ፣ ትላንት የተወቃ!»

«ፉርጎው እኮ ትንሽ ነው። በልኩ የተሠራ ሰው አጠገቡ ቢቆም ቁመቱ ጣትሽን አያክልም። ለዚያ ሰው ይቺ ፍሬ የምታህለው ሐብሐብ ነው።»

እውነታቸውን ነበር፤ እኔ ግን አኮረፍኩ። እንደገና እስክሠራው ድረስ ፉርጎው መስኮቱ ሥር ተቀመጠ። በዚህ መሐል ነው ፍሬሕይወት የመጣችው።

ፍሬ ከጎጃም ተመድባ የመጣች መምህርት ናት። በዚያ በግንቦት ሙቀት ጃንጥላ ይዛ፣ ፊቷ በርበሬ መስሎ፣ የማዕከሉ በር ላይ ቆመች። «እናንተዬ፣ ይኼ ሙቀት ሰው ያኖራል?» አለች። «የለመደውን ያኖራል» አልኳት። በሆዴ ወር አትከርምም፣ ወይ ሙቀቱ ወይ ወባው ይመልሳታል አልኩ። ከረመች። ከርማም አልቀረች፣ መስኮቱ ሥር ያለውን ፉርጎዬን አንሥታ እያገላበጠች «ጤፍ ብናደርግበትስ?» አለች።

ጤፍ! ጤፉን በቢጫ ቀለም አሸት አሸት አድርጋ ሞላችው። ጋሼ ቁጢጥ አሉ። መዘኑ። እፍ አሉ። «ተጭኗል።»

አንጀቴ እርር አለ። ወላሂ፣ ያን ቀን ምሳዬን አልበላሁም። ማሽላ በልታ የማታውቅ ሴት፣ ለራያ ልጅ ማሽላ ስትጭንላት! ደግሞ እኮ አልኮራችም። «የመዲና ፉርጎ እኮ ነው፣ እኔ ጤፉን ብቻ ነው» አለች። ብትኮራ ይሻለኝ ነበር፤ ቢያንስ የምጠላበት ነገር አገኝ ነበር።

ከዚያ ወዲያ የጨውም ሆነ የከብቱ ታሪክ ያው ነው። ከአፋር የመጣ እውነተኛ አሞሌ በመጋዝ ቆራርጬ ደረደርኩ፤ ጨው መሆኑን ረስቼ ክረምት ሲገባ ሟሙቶ ቆርቆሮውን አዛገው። ፍሬ በጀሶ ሠራችው፣ ተጭኗል ተባለላት። ከብቶቹን እኔ ከጭቃ ሠራሁ፣ እሷ ቀንዳቸውን አስተካከለችና ተጭኗል ተባለ፤ ለማን እንደተባለ ግን አልታወቀም። እኔ ለቀንዱ ነው ብዬ ተናደድኩ። ጋሼ ጥንቅሽ ልጠው ሲያካፍሉን እንኳ የእሷ ቁራጭ የረዘመ ይመስለኝ ነበር። እሷን «ልጄ» ይሏታል፣ እኔን «መዲና» ይሉኛል። ስሜ መሆኑን አውቃለሁ፤ ቢሆንም።

አንድ ቀን ጋሼ ባዶውን ፉርጎ አምጥተው ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩት። «ከሰሉ የመዲና ነው» አሉ። ፍሬ እዚያው ተቀምጣለች። ቀና ብዬ አየኋት፤ ደስ አለኝ፣ ምን ልደብቅ።

ወልድያ ላይ ኤግዚቢሽን ሊደረግ ነው፣ ባቡሩም ሊቀርብ ነው። ኃላፊያችን ቁልፍ እያንቃጨለ የሚንጎራደድ ወጣት ነበር፤ ጠዋት ማታ «ከሰሉስ? ከሰሉስ?» ይለኛል። ጋሼ ግን በዚያው ሰሞን ወባ ጣላቸው። ፍሬም የዓመት ፈቃዷን ወስዳ አገሯ ሄደች። ብቻዬን ቀረሁ፤ ብቻዬን መቅረቴንም ወደድኩት።

የድንጋይ ከሰል ከመሬት የሚቆፈር ጥቁር ድንጋይ መሆኑን አላጣሁትም፤ መደርደሪያችን ላይ አንድ ቁራጭ ነበር። ለፉርጎ የሚበቃ ግን የለንም። ስለዚህ የግራር ከሰል በሙቀጫ ወቀጥኩ፣ በወንፊት ነፋሁ፣ ዱቄቱን ለይቼ፣ ጠጠሩን ለይቼ፣ በኮላ አጣበቅኩት። እስቲ እናንተ ፍረዱኝ፤ ከኮቦ እስከ ዋጃ፣ ከዋጃ እስከ ፈለጋችሁበት፣ በዚህ አስፋልት ላይ ከሰል ሳይሸፈን ሲሄድ ያየ ሰው አለ? በማዳበሪያ ይሞላል፣ አናቱ ላይ ቅጠል ይነሰነሳል፣ በገመድ ይሰፋል። ከልጅነቴ ጀምሮ ያየሁት ከሰል ሁሉ አናቱ ላይ ቅጠል አለው። እና እኔም ሸፈንኩት።

እንዴት አድርጌ እንደሸፈንኩት ባያችሁ! የሌላ ዛፍ ቅጠል ለፉርጎው እንደ ጃንጥላ ይሆንበታል፤ ከማሽላው ተምሬያለሁ። የግራር ቅጠል ግን ደቃቅ ነው። አንድ በአንድ በመርፌ ጫፍ እያነሣሁ ደረደርኩት። ሲደርቅ እንዳይገረጣ አረንጓዴ ቀባሁት። ከማዳበሪያ ክር መዝዤ፣ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ፣ ልክ የገበያው ከሰል እንደሚሰፋ አድርጌ ሰፋሁት። የማዕከሉ ጥበቃ አይቶ «ማሻአላህ፣ ይኼስ ይሸጣል» አለኝ። ኃላፊው አጨበጨበ። ጋሼ ጋ ወስጄ ላሳያቸው ብዬ ነበር፤ ትኩሳት ላይ ናቸው ብለው ከበር መለሱኝ።

ወልድያ ላይ ባቡራችን ዙሪያ ሰው ተሰበሰበ። ሸሚዙ የነጣ፣ ባቡር ያለበት አገር የተማረ የሚመስል አንድ እንግዳ ጎንበስ አለና «ይቺ ምንድን ናት? ጎመን ነው የጫነችው?» አለ።

«ከሰል ነው» አልኩ።

«ቅጠሉስ?»

«መሸፈኛው ነዋ።»

ሰውየው ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። «እትዬ፣ የድንጋይ ከሰል እኮ ባቡር ላይ ክፍቱን ነው የሚሄደው! ይኼ ባቡር ቅዳሜ ገበያ ነው እንዴ የሚወርደው?»

«ሳይሸፈንማ ማን ከሰል ይጭናል!» አልኩት ጮክ ብዬ። የተሰበሰቡት ሁሉ የባሰ ሳቁ። እኔ ደግሞ ሲስቁብኝ እልኸኛ ነኝ፤ «አቧራውስ? ሌባውስ? ዝናቡስ?» እያልኩ ቀጠልኩ። ሰውየው ቅጠሉን በጣቱ ገለጥ አደረገው። ከሥሩ ያለው ከሰል ኮላውን ጠጥቶ ግራጫ ሆኗል፤ ጥቁረቱ የለም፣ ማብረቅረቁ የለም፣ አመድ በሉት። ሲነካው ተፈረፈረና እጅጌው ላይ ቦነነ። ሳቁ ያን ጊዜ ቆመ። ከሳቁ ይልቅ ዝምታው አዋረደኝ።

ሽልማቱ ለሌላ ሄደ። ስንመለስ ኃላፊው ኮቦ እስክንደርስ አላናገረኝም። መኪናው ሲቆም «ፍሬሕይወት ስትመጣ ትሥራው» አለና ቁልፉን እያንቃጨለ ሄደ። ያቺን ዓረፍተ ነገር እስከ ዛሬ እሰማታለሁ።

ጋሼ ሲሻላቸው ከስተው፣ ሸሚዛቸው ሰፍቷቸው መጡ። ፉርጎዬ ፊት ቁጢጥ አሉ። ቆዩ።

«ቅጠሉ የምን ነው?»

«የግራር።»

«ቅጠሉ ተጭኗል» አሉ። «ከሰሉ አልተጫነም።»

ቃሏን እንኳ ሲሰጡኝ ለቅጠል ሰጡብኝ! ፍሬ ደግሞ ከጎጃም መጥታ ጉዱን ስትሰማ ትስቅብኛለች ብዬ ተዘጋጅቼ ጠበቅኳት። አልሳቀችም። ስፌቱን ወደ ብርሃን አዙራ አየችና «መዲና፣ እንዲህ አድርገሽ እንዴት ሰፋሽው? አሳዪኝ እስቲ» አለችኝ። እንዲህ ዓይነት ሰው ምን ይደረጋል?

ከዚያ በኋላ ነው ሮቢት ላይ አንድ የጭነት መኪና ተበላሽቶ ቆመ፣ የድንጋይ ከሰል ነው የጫነው የሚል ወሬ የደረሰን። ጋሼ ኮፍያቸውን አንሥተው «ተነሡ» አሉን። ሦስታችን በሚኒባስ ሄድን። ሹፌሩ ከመኪናው ሥር ተጋድሟል፤ እግሩ ብቻ ይታያል።

«ወንድሜ፣ ሰላም ነው?» አሉት ጋሼ።

«አልሐምዱሊላህ። መካኒክ ናችሁ?»

«አይደለንም። የጫንከውን ልናይ ነው።»

እግሩ ተንቀሳቀሰ፣ ፊቱ ብቅ አለ። «ልትገዙ?»

«ኧረ ለማየት ብቻ።»

«ከሰል ለማየት ከኮቦ መጣችሁ?» አለ። ያመመን ሳይመስለው አልቀረም። ቢሆንም ተነሣና ወደ መኪናው ጎን ወሰደን። እኔ ቀና ብዬ ሳይ ምን ባይ ጥሩ ነው? ሸራ! ጭነቱ ከዳር እስከ ዳር በሸራ ተሸፍኖ፣ በገመድ ግጥም ተደርጎ ታስሯል!

«ጋሼ! ተሸፍኗል! አላልኩም? አላልኩም?» እያልኩ አስፋልቱ ዳር ዘለልኩ። መንገደኛው ሁሉ ቆሞ አየኝ። ሹፌሩ «ለአቧራና ለሌባ ነው» አለ። «አቧራና ሌባ! ይኸው!» አልኩ። ፍሬ ሆዷን ይዛ ትስቃለች። ጋሼ ግን ፈገግም አላሉ።

«ይኼ መኪና ነው፣ መዲና። ባቡር አይደለም።»

አይ ጋሼ! አንዴ እንኳ ቢሸነፉልኝ ምን ነበረበት።

ሹፌሩ የሸራውን ጥግ ፈታልንና በጎማው ላይ ተንጠላጥለን አየን። እውነቱን ለመናገር ዓይኔ የተከፈተው ያን ጊዜ ነው። የድንጋይ ከሰል የእንጨት ከሰልን አይመስልም። ሲሰበር ጎኑ ጠፍጣፋ ነው፣ ፀሐይ ሲያገኘው እንደ መስታወት ብልጭ ይላል። ክምሩም እንደ ማሽላ ክምር አናቱ አንድ አይደለም። ከላይ በተለያየ ቦታ ስለሚራገፍ ጉብ ጉብ፣ ዝቅ ዝቅ ያለ ነው። ትልልቁ ድንጋይ ተንከባሎ ዳር ዳሩን ይይዛል፣ ደቃቁ መሐል ይቀራል። እኔ በወንፊቴ ነፍቼ ሁሉን አንድ ዓይነት አድርጌው ነበር። ሹፌሩ ግማሽ ፌስታል ዘግኖ ሰጠን። «ምን ልታደርጉት ነው?» አለ። «ባቡር ላይ ልንጭነው» አሉት ጋሼ። ተመልሶ ከመኪናው ሥር ገባ።

ፌስታሉን ለሁለት አካፈሉን። «አንዳንድ ጭነት ሥሩ» አሉ። «ጭነቱ ከፉርጎው የሚነሣ ይሁን። የተሻለው ይጫናል።» ይኸው፣ ፊት ለፊት ገጠምን።

ከቴሌቪዥን ማሸጊያ ነጭ ፎም በፉርጎው ልክ ቆረጥኩ፣ ጉብታዎቹን በምላጭ ቀረጽኩ፣ ነጩ እንዳያጮልቅ ጥቁር ቀባሁት። ክብደት እንዲኖረው ከሆዱ ብረት ቀበርኩ። ከሰሉን በጨርቅ ጠቅልዬ በመዶሻ ሰበርኩ፤ ሙቀጫ ዱቄት ያደርገዋል። በወንፊት ለይቼ መጀመሪያ ደቃቁን፣ ቀጥሎ መካከለኛውን በተንኩ፣ ትልልቁን በወረንጦ ዳር ዳር ደረደርኩ። ቀጠን ያለ ኮላ በመርፌ ሲሪንጅ ላንጠባጥብበት ስል ጠብታው አቧራው ላይ እንደ ዶቃ እየተንከባለለ አልገባ አለኝ። ፍሬ ከማዶ አየችኝ። «ሳሙና ጠብ አድርጊበት፤ ይሰርጋል» አለችኝ። ባላጋራዬ ናት እኮ! ጠብ አደረግኩበት፤ ሰረገ። ምስጋናው ግን ጉሮሮዬ ላይ ቀረ።

ጋሼ የእሷን አዩ፣ መዘኑ፣ እፍ አሉ። «ተጭኗል።» የእኔን አዩ፣ መዘኑ፣ እፍ አሉ። ምንም አልወደቀም። እንደገና አዩ። በጣታቸው አንዱን ጥግ ነካ ነካ አደረጉ።

«ደህና ነው» አሉ።

ደህና ነው! ደህና ነው የሚባለው እኮ ለታመመ ሰው ነው። የፍሬ ጭነት ፉርጎው ላይ ወጣ፣ የእኔ መሳቢያ ገባ። ከዚያ ወዲያ ስንት ጊዜ አፍርሼ እንደሠራሁት አላውቅም። አንዴ «ጠርዙ በዛ»፣ አንዴ «ኮላው ነጣ»፣ አንዴ «መሐሉ ጎደለ»። ሁልጊዜ አንድ ነገር አያጡልኝም። የፍሬን ሥራ አንዴ አይተው ያልፋሉ፤ የእኔ ፊት ግን ጉልበታቸው እስኪዝል ቁጢጥ ይላሉ።

ጋሼ ጡረታ ሲወጡ፣ ሲቀርጹበት የኖሩትን ሰንጢ ለፍሬ ሰጧት። ለእኔ ምን ሰጡኝ? ምክር። «ወንፊቱን ቀይሪው፣ መዲና» አሉኝ። ብዙም ሳይቆይ ፍሬ ወደ ባሕር ዳር ተዛወረች፣ ከሰንጢው ጋር። ስትሄድ አቅፋኝ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ፤ ግማሹ እሷን ስለማጣት፣ ግማሹ ሰንጢውን ስለማጣት ነው። ተከትሎ የመጣው ኃላፊ ደግሞ የእሷን ጭነት ለአንድ እንግዳ በስጦታ ሰጠው። ባዶው ፉርጎ ከእኔ ጋር ቀረ።

ኋላ ባቡር በእኛ በኩል ያልፋል ተባለ። ቀያሾች መጡ፣ ካስማ ተተከለ፣ ሽማግሌው ሁሉ ስለ ባቡር አወራ። ከተማው ስብሰባ ሲጠራ ያ የማዕከሉ ባቡር ተፈለገ። ያኔ ማንም ሳይጠይቀኝ ለመጨረሻ ጊዜ ከሰል ጫንኩ። የሮቢቱ ከሰል ጥቂት ተርፎኝ ነበር። በዚያ ጭነት ላይ የጋሼን ነቀፋ ሁሉ አንድ በአንድ ጨረስኩት። ወንፊቱን እንኳ ቀየርኩት። ሰው ጎንበስ እያለ አየው፣ ማንም ጎመን ነው አላለም። ቤቴም ስገባ ግን ደስታው አልመጣም፤ ጋሼ አላዩትማ።

ሊያዩትም አይችሉም ነበር፤ በዚያን ጊዜ የጋሼ ዓይን ጠፍቷል። ቤታቸው ስኳር ይዤ እሄዳለሁ፣ ወሬ አወራላቸዋለሁ፣ ፉርጎውን ግን አልወሰድኩም። በማያይ ዓይናቸውም ደህና ነው ቢሉኝስ? አልችለውም።

ማዕከሉ ግድግዳ ላይ ሥዕል የሚያሳይ ማሽን ሲገባለት ባቡሩ መጋዘን ተጣለ። እኔም ዕድሜዬ ደረሰ። በሽኝቱ ቀን ጋቢ አለበሱኝ፤ እኔ ግን የከሰሉን ፉርጎ ለመንኩ። «ውሰጂው» አሉኝ፣ እንደ ቀልድ። እናት ነበረች የተባለውም ያኔ ነው። ንግግሩ ሲያልቅ ከኋላ አንዲት ወፈር ያለች፣ መነጽር ያደረገች ሴት ተነሥታ መጣችብኝ። ፍሬ ናት! ከባሕር ዳር ድረስ፣ ለእኔ ሽኝት። እዚያ ትልቅ ኃላፊ ሆናለች አሉ። ደስ አለኝ፤ ጫማዋም ያምራል።

«ጋሼን ሳልጠይቅ አልመለስም» አለች። ፉርጎውን በቦርሳዬ እንደያዝኩ ሄድን።

ጋሼ ደጃፋቸው ላይ፣ ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። ፍሬ ድምፅዋን ስታሰማ ፊታቸው በራ፤ «ልጄ! ፍሬ!» አሉ። እኔንም «መዲና አለሽ?» አሉኝ። አለሁ አልኩ። ስለ ጎጃም፣ ስለ ልጆቿ ተጠያየቁ። በመሐል ፍሬ ቦርሳዬን በክርኗ ነካ አደረገች። «አሳዪአቸው» አለችኝ በሹክሹክታ። አልፈልግም አልኩ። እሷ መቼ ትሰማለች፤ ራሷ አውጥታ ጋሼ መዳፍ ላይ አኖረችው።

ጋሼ መዳፋቸውን ከፍ ዝቅ አደረጉ። መዘኑት። ጣታቸውን በጠርዙ አስኬዱት፣ ወደ ጉብታዎቹ ወጡ፣ ዳር ዳር ያለውን ትልልቁን ከሰል አንድ በአንድ ዳሰሱ። ወደ አፋቸው አስጠግተው እፍ አሉበትና ሌላውን መዳፋቸውን ከሥሩ ዘረጉ። ምንም አልወደቀም።

«ፍሬ፣ ልጄ» አሉ። «ይህን እንደገና ሠራሽው? ተጭኗል!»

መሬት ብትከፈት በገባሁ! ያን ሁሉ ዘመን የጠበቅኳት ቃል፣ በእኔ ሥራ ላይ፣ በእሷ ስም! ፍሬን አየኋት። ዝም ብትል ዕድሜ ልኬን የምጠላበት ምክንያት አገኝ ነበር። እሷ ግን ምን ጊዜም እሷ ናት።

«የእኔ አይደለም ጋሼ። የመዲና ነው።»

«የመዲና?»

«አዎ። ብቻዋን ነው የሠራችው።»

ጋሼ ፉርጎውን ጉልበታቸው ላይ መለሱት። ጣታቸው እንደገና ጉዞ ጀመረ፣ አሁን ቀስ ብሎ። አንደኛው ጥግ ላይ ቆመ። ነካ ነካ አደረጉት። ግንባራቸው ተቋጠረ።

«እንዲያ ከሆነ…» አሉ፣ «እንዲያ ከሆነ እዚህ ጥጉ ላይ ትንሽ…»

«ኧረ በአላህ!» ብዬ ተነሣሁ። «ወጥቷል ጋሼ! ቃሉ ከአፍዎ ወጥቷል፣ ፍሬ ምስክር ናት፣ አይመለስም!» ፉርጎውን ከጉልበታቸው ላይ ነጠቅኩት። ጋሼ መጀመሪያ ደነገጡ፣ ከዚያ ሳቁ፤ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ፣ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ፍሬም ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። ሻርፔን ከአንገቴ አውልቄ ፉርጎውን አናቱ ላይ ሸፈንኩት፣ ጫፍና ጫፉን ከሥሩ ግጥም አድርጌ ቋጠርኩ።

«መዲና፣ ምን እያደረግሽ ነው?» አለችኝ ፍሬ።

«ቤቴ ልወስደው ነዋ» አልኳት። «ኮቦ ላይ ከሰል ሳይሸፈን አይሄድም።»